ኮሌታ የምትገጥመው ልጅና የነህምያ ቅጥር

ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ክርስቲያን የሆነ ሰው በሥራ ቦታ ሰዎችን እንዴት ይምራ? አንዱ ባንክ ቤት ነው፣ አንዷ ጤና ጣቢያ ትመራለች፣ አንዱ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ሆኗል፤ ሁሉም በሥሩ ሰው አለው። መልሱም ብዙ ጊዜ ያው ነው። ሥራን በጸሎት መጀመር፣ ሠራተኛን በፍቅር መያዝ፣ ራስን አርአያ ማድረግ። ክፉ ምክር አይደለም። እኔ በምውልበት ቦታ ግን የስፌት መኪናዎቹ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ ሲነሡ ለመደማመጥ እንኳን መጮኽ ያስፈልጋል። እዚያ ውስጥ "በፍቅር መያዝ" ማለት ማንን ምን ማድረግ እንደሆነ ካልተነገረኝ፣ ምክሩ ለጉባኤ እንጂ ለሥራ አይሆነኝም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የአንድ መስመር ኃላፊ ነኝ። ከተማችን ድሮ የምትታወቀው በብርድ ልብሷና በብርዷ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ የፋብሪካው ዓይነት በዝቷል፤ ብርዱ ግን የትም አልሄደም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲወርድ ልጆቹ ጣታቸውን በትንፋሻቸው ሳያሞቁ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችሉም። አብዛኞቹ ሃያዎቹን ያልጨረሱ ሴቶች ናቸው፤ የሚጠራሩትም በመጡበት አገር ነው፤ የሞላሌዋ፣ የደብረ ሲናዋ፣ የእነዋሪዋ፣ የሸዋ ሮቢቷ። እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ፤ እነርሱ "እትዬ" ይሉኛል።

ባለ ኮሌታ ቲሸርት ከአንድ ሰው እጅ አይወጣም። አንዷ ትከሻ ትገጥማለች፤ ቀጣይዋ ኮሌታ፣ ሌላዋ እጅጌ፣ ሌላዋ ጎን፤ ከዚያ የታችኛው ጠርዝ ይታጠፋል፣ ቁልፍ ይተከላል፣ ክር ይለቀማል፣ ጥራቱ ይታያል፣ ይተኮሳል፣ ይታሸጋል። እንበልና ሌሎቹ ሁሉ በሰዓት 60 ልብስ መሥራት ይችላሉ፤ ኮሌታ የምትገጥመው ግን 40 ትሠራለች። ከመስመሩ ጫፍ በሰዓት የሚወጣው 40 ነው። ትከሻ የምትገጥመው ልጅ ፈጥና 70 ብታደርስ የሚጨምረው ከኮሌታዋ ልጅ ፊት ያለው ክምር ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ክምሩ የት እንዳለ ማየት ይበቃል። ብዙ አለቃ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ፈጣኖቹን ያሞግሳል፤ ዘገየች ወደተባለችው ሄዶ ይጮኻል። ጩኸት ኮሌታ አይገጥምም። እጅ ያንቀጠቅጣል፤ የተንቀጠቀጠ እጅ ስፌት ያዛንፋል፤ የተዛነፈው ተተርትሮ ይመለሳል፤ 40 የነበረው ወደ 32 ይወርዳል።

በእኛ መስመር ክምሩ ከሞላሌዋ ልጅ ፊት ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረ አንድ የምርት ኃላፊ ከሥልጠና ባመጣው ሐሳብ ነጭ ሰሌዳ አሰቅሎ የዕለቱን ዘገምተኞች ስም በቀይ ያጽፍ ነበር። የእሷ ስም ከሰሌዳው ጠፍቶ አያውቅም። ማበረታቻው የሚታሰበው መስመሩ ኮታውን ሲሞላ ስለነበር፣ ሌሎቹ ኪሳቸውን የምታጎድለው እሷ እንደሆነች ቆጠሩ። በምሳ ሰዓት ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ። በሶዋን ብቻዋን በጥብጣ ጠጥታ ከሁሉም ቀድማ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች፤ ክምሩን ልትቀንስ።

አንድ ቀን ሰዓት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ልታስወጪኝ ነው?" አለችኝ።

"ሥራሽን ሥሪ ልጄ፤ እኔን እንዳላየሽ ሁኚ።"

ከትከሻ ገጣሚዋ የሚመጣላት ልብስ ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ፣ አንገቱ ወደ ማዶ ዞሮ ነው። እያንዳንዱን ታነሣለች፣ ትገለብጣለች፣ ታዞራለች፤ ስፌቱ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኮሌታዎቹ ከመቁረጫ ክፍል የሚመጡት ትልቁም ትንሹም በአንድ ሳጥን ተደባልቀው ስለሆነ ለያንዳንዱ ልብስ የሚሆነውን ከሳጥኑ ውስጥ ታስሳለች። ቦቢኗ (የታችኛው ክር የሚጠመጠምበት) ሲያልቅ ተነሥታ እስከ መካኒኩ ጠረጴዛ ትሄዳለች። መርፌው ጨርቁን ከነካ በኋላ ግን እጇ ከማንም አያንስም፤ እንዲያውም ዙሪያውን አንድ ጊዜ እንኳን ሳታቆም ነው የምታዞረው። ሰሌዳው ላይ በቀይ የተጻፈው የእሷ ስም ይሁን እንጂ ጊዜውን የሚበሉት ከእሷ በፊት ያሉት ሰዎች ናቸው።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም። ትከሻ ገጣሚዋ ልብሱን በፊቱ፣ አንገቱን ወደ ሞላሌዋ አድርጋ እንድታስቀምጥ ተነገራት፤ ለእሷ አንዲት የእጅ ዙር ናት። መቁረጫ ክፍሉ ኮሌታዎቹን በመጠን ለይቶ እንዲያስር ሆነ። ቦቢኖች ጠዋት ተጠምጥመው በቆርቆሮ ጣሳ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ክምሩ ጨርሶ ባይጠፋም ከኋላው ያለችው እጅጌ ገጣሚ እጇን አጣጥፋ መቀመጧ ቀረ።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ስለ አካልና ስለ ብልቶች የሚናገረውን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። ዓይን እጅን "አታስፈልጊኝም" ልትላት አትችልም። ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን የሚያስፈልጉ ናቸው፤ ክብር ለጎደለው ብልት ክብር ይጨመርለታል። ይህ ክፍል ሲሰበክ ለደካማው እንደ ማጽናኛ ነው የሚቀርበው፤ "አይዞህ፣ አንተም ትጠቅማለህ" በሚል ዓይነት። እኔ ግን ትእዛዙ ለብርቱው የተሰጠ ይመስለኛል። ክብር ጨምር የተባለው ብርቱው ነው፤ የሚጨመርለት ደግሞ ያነሰው። በቀይ ስም የሚጽፈው ሰሌዳ የዚህ ምዕራፍ ተቃራኒ ነው። የዛሬዎቹ የምርት መሐንዲሶች በስንት ቀመር የሚደርሱበትን ነገር ሐዋርያው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲጽፍ አስቀምጦታል፤ የጠቅላላው ጤና የሚለካው ደካማ በሚመስለው በኩል ነው።

በአባቶቻችን ሥርዓት ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን በታች አይቀደስም፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ጳጳስም ቢሆን ብቻውን አይቀድስም። እኔ ያደግሁት መንዝ ውስጥ ትንሽ የገጠር ደብር አጠገብ ነው፤ ቅዳሴ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ቄሶቹ ጠፍተው ሳይሆን ሦስተኛው ዲያቆን ባለመድረሱ ነበር። ጧፍ የሚይዘው የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በግ እየጠበቀ ይሆናል። አንጋፋው ቄስ ከነሙሉ እውቀታቸው ቆመው ይጠብቁታል። ታዲያ ልጁን የሚሰድብ አልነበረም። "በጎቹን ማን ይያዝለት?" ተብሎ ሌላ ሰው ወደ መስኩ ይላክ ነበር። የፋብሪካ ማኔጅመንት ሥልጠና ላይ ስቀመጥ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው፤ አሠልጣኙ በስላይድ የሚያሳየንን የእኛ ደብር ሽማግሌዎች ያለ ስላይድ ያውቁት ነበር።

ነህምያ ምዕራፍ 3 ደግሞ ሁሉም ሰው የሚዘለው ምዕራፍ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር መልሰው የሠሩ ሰዎች የስም ዝርዝር ስለሆነ። ለመስመር ኃላፊ ግን ከዚያ የተሻለ ንባብ የለም። ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብና ወንድሞቹ ካህናት የበግ በርን ሠሩ። ወርቅ አንጥረኛውና ሽቱ ቀማሚው ድንጋይ ላይ ተሰማሩ። ሰሎም የተባለው ከሴቶች ልጆቹ ጋር ወጣ። የጉድፍ መጣያውን በር ያደሰው መልክያ ደግሞ የአውራጃ አለቃ ነው! የቴቁሔ ታላላቆች አንገታቸውን ለሥራው እንዳላዋረዱ ተጽፎባቸዋል፤ የዚያው የቴቁሔ ተራ ሰዎች ግን የራሳቸውን ድርሻ ከጨረሱ በኋላ ቁጥር 27 ላይ ሌላ ክፍል ጨምረው ሲሠሩ እናገኛቸዋለን። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። ቅጥር ደግሞ ወይ ዙሪያውን ይዘጋል ወይ አይዘጋም፤ አንዱ ጎበዝ የራሱን ክንድ እጥፍ አድርጎ ቢያስረዝመው ጎረቤቱ ጋ ባለው ክፍተት ጠላት ይገባል።

የእኛ የጉድፍ መጣያ በር ክር መልቀምና ብናኝ መጥረግ ነው። ክር ለቃሚዎች ዝቅተኛ ደመወዝተኞች ናቸው፤ "ገና ያልሠለጠነች" ማለት ነው በእኛ ቋንቋ። በፈረቃው መጨረሻ ብናኙን መጥረግም በእነርሱ ላይ ብቻ የወደቀ ነበር። በተራ እንዲሆን አደረግሁ፤ ስሜን ከላይ ጻፍኩ፣ ጥራት ተቆጣጣሪዋን አስከተልኩ፣ መካኒኩንም ጨመርኩ። መካኒኩ "ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ" ብሎ አኮረፈ። ስለ አውራጃው አለቃ ስለ መልክያ ነገርኩት። መልክያን አያውቀውም፤ ለማወቅም አልፈለገም። የሚጠርገው እስከ ዛሬ እያጉረመረመ ነው፤ እኔ ግን እንዲዘምር አልጠየቅኩትም፤ እንዲጠርግ ብቻ ነው።

ሰሌዳውን በተመለከተ፣ ኃላፊው ከተቀየረ በኋላ አወረድኩት። ጌታ በማቴዎስ 18 ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ይላል፤ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፤ ካልሆነም ለማኅበሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሰሌዳው ከመጨረሻው ይጀምራል። ስለዚህ በእኔ መስመር ጥፋት የሚነገረው ከፈረቃ በኋላ፣ መኪና ከጠፋ በኋላ፣ ለብቻ ነው። ይህን ስናገር "ታዲያ ሰነፉንስ?" የሚለኝ አይጠፋም። ሰነፍ አለ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል፤ ልብ በሉ፣ "የማይችል" አላለም። አንዲት ልጅ ፈርማ ገብታ መጋዘን ውስጥ ጨርቅ ላይ ትተኛ ነበር። ለብቻዋ ነገርኳት፤ ቀጥሎ የሠራተኛ ተወካይ ባለበት፤ ቀጥሎ በጽሑፍ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው፤ እሷ እዚያው ውስጥ ነበረች፤ ተሰናበተች። እንቅልፍ አልነሣኝም። የማትችለውንና የማትወደውን መለየት የኃላፊ ሥራ ነው፤ ለዚህም ነው ሰዓት ይዞ አጠገብ መቀመጥ የሚያስፈልገው።

ነህምያ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ሥራው መሐል ላይ ሳለ ሕዝቡ ጮኸ። ጩኸቱ ስለ ድንጋይ አልነበረም፤ ስለ እህል፣ ስለ ወለድ፣ በብድር ስለ ተያዘ እርሻና ስለ ተሸጡ ልጆች ነበር። ነህምያ "መጀመሪያ ቅጥሩን እንጨርስ" አላለም። ተቆጣ፣ በልቡ አሰበ፣ ታላላቆቹን ፊት ለፊት ተናገረ፣ አስመለሰ። እሱ ራሱም ለ12 ዓመት ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልበላም። ስለ ቡድን መንፈስ የሚያስተምሩን ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት እወዳለሁ። የእኔ ልጆች አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ከወር አጋማሽ በኋላ ምሳቸው ከቤተሰብ የተላከ ቆሎ ነው። "እኛ አንድ ቤተሰብ ነን" የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ አንድ ቤተሰብ ከሆንን ግን ቤት ኪራይ ሲጨምር የሚሰማው ለአንድ ወገን ብቻ መሆን አልነበረበትም። ደመወዝ መወሰን በእኔ እጅ አይደለም። በእጄ ያለውን ያህል፣ ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር ሆነን የማታ ፈረቃ ሲወጣ ሰርቪሱ በዋናው መንገድ ጥሏቸው ከመሄድ ይልቅ ወደየሠፈራቸው እንዲገባ ጠየቅን፤ ብዙ ከተመላለስን በኋላ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የማታ ፈረቃ ቀሪ ቀነሰ። የሚገርም አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን የምትሄድ ልጅ ልቧ የሚሰፋላት ከመድረሷ በኋላ ነው።

ጸሎትን በተመለከተ፣ መስመሩን በጸሎት አላስጀምርም። የሸዋ ሮቢቷ ሙስሊም ናት፤ ሌሎችም አሉ። ቆማ እንድታሳልፍ የምትገደድበት ጸሎት የማን ጸሎት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ቤቴ ጸልዬ እወጣለሁ፤ ለእሷም ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ የሚተካት ሰው አለ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ገብተው ነበር። የመስመሩ አብዛኛው ሰው እህል ሳይቀምስ ይሠራል። ከስድስት ሰዓት በኋላ መርፌ መስበር፣ መጠን መደባለቅ ይበዛል። ስለዚህ ከባዱንና ጥንቃቄ የሚሻውን ትእዛዝ ጠዋት ላይ አደረግን፤ ከሰዓት በኋላ ቀላሉን። የምሳ ዕረፍቱም ለማይበሉት የመቀመጫ ዕረፍት ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ወገን ጿሚ ስለሆነ ማንም ማንንም አላማም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የደብረ ሲናዋ ልጅ ናት። ጎን ትዘጋለች፤ በመስመሩ ውስጥ ከእሷ የፈጠነ እጅ የለም። የራሷ ክምር ሲያልቅ መቀመጥ ትታ ኮሌታ ላይ እንድታግዝ ጠየቅኳት።

"እትዬ፣ እኔ ፈጥኜ ስጨርስ ሽልማቴ የሌላ ሰው ሥራ ነው?"

የማቴዎስ 20ን የወይን አትክልት ሠራተኞች ነገርኳት፤ ከጠዋት የገባውም በአሥራ አንድ ሰዓት የገባውም አንድ አንድ ዲናር እንዳገኘ። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ናት፤ ሳትውል ሳታድር ማቴዎስ 25ን መለሰችልኝ። "ባለ አምስቱ መክሊት አትርፎ አሥር አደረገ። ጌታው ባለ አንዱ ጋ ሄደህ አግዘው አላለውም፤ እንዲያውም ያንን አንዱን ወስዶ ለባለ አሥሩ ነው የሰጠው።"

ጎረቤት መኪና ያሉት ሁሉ ሥራቸውን አቁመው የምመልሰውን ይጠብቃሉ። የወይኑ ባለቤት የፈለገውን በገዛ ገንዘቡ እንዳደረገ፣ እኔ ግን የማንም ገንዘብ ባለቤት እንዳልሆንኩ ነገርኳት። ጠዋት ለገባውም የተዋዋለውን አላጎደለበትም፤ ለእሷ ግን ውሏ ላይ የሌለ ሥራ ነው የምጨምርባት። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ቸርነት ከባለቤቱ ኪስ ሲወጣ ቸርነት ነው፤ ከጎበዟ ሠራተኛ ጉልበት ተወስዶ ሲሰጥ ሌላ ስም አለው። በየስብከቱ "ብርቱው ደካማውን ይሸከም" ስንል የብርቱውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል አንናገርም።

ስለዚህ በሌላ መንገድ ሄድን። ኮሌታ መግጠምን ከሞላሌዋ እንድትማር አደረግሁ፤ አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ስሟ ይጻፍ የነበረችው ናት። የደብረ ሲናዋ መጀመሪያ አኩርፋ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያዎቹ ኮሌታዎቿ ሁሉ ተዛነፉ። ሞላሌዋ ሳትስቅባት፣ ጨርቁን በሁለት ጣት ይዛ እንዴት እንደሚለጠጥና እንደሚላላ ታሳያት ነበር። አሁን ሁለት ሥራ ትችላለች። ሁለት ሥራ የምትችል ሰፊ ደግሞ በየትኛውም ፋብሪካ ዋጋዋ ሌላ ነው፤ አንዷ ስትታመም መስመሩን የምታድነው እሷ ናት። ለሁለተኛው ሙያ በደመወዟ ላይ ጭማሪ እንዲታሰብላት፣ ሞላሌዋም ላሠለጠነችበት እንዲከፈላት በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ማመልከቻው የሰው ኃይል ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። በየወሩ ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ፤ የደብረ ሲናዋም ከስብሰባ ስወጣ በር ላይ ቆማ ትጠይቀኛለች።